ትናንት ስትነሳ የነበረች መኪና፦ ራሳችን ከነካናት በኋላ እምቢ ስትል

(ለመኪና ባለቤቶች ቅዳሜ ጠዋት የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሏል)

እንደምን አረፈዳችሁ። የቅዳሜ ጠዋታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። መኪናችሁን ራሳችሁ ሰርቪስ አደረጋችሁ እንበል። ካንዴላ (ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚሰጠውን ዕቃ) ቀየራችሁ፣ ወይ ባትሪ አውጥታችሁ አጸዳችሁ፣ ወይ የነዳጅ ፊልትሮ ለወጣችሁ። ኮፈኑን ዘግታችሁ እጃችሁን ታጠባችሁ። ቁልፉን ስታዞሩት ግን መኪናዋ አልነሳ አለች። አሁን ምን ታደርጋላችሁ?

ብዙ ሰው በዚህች ሰዓት የሚያደርገውን አውቃለሁ። ቁልፉን ደጋግሞ ያዞራል። ባትሪው እስኪደክም ያዞራል። ከዚያ ስልክ ያነሳል። አንዱ ጓደኛው «ሞተሪኖው ነው» ይለዋል፤ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ዕቃ ማለቱ ነው። ሌላው «የነዳጅ ፓምፑ ሄዷል» ይለዋል። ሦስተኛው «ኮምፒዩተሯ ተቃጥሎ ይሆናል» ብሎ ልቡን ያወርደዋል። በማግስቱ ሶማሌ ተራ ወርዶ ምንም ያልሆነውን ዕቃ በሌላ ዕቃ ይቀይራል። መኪናዋ ግን እዚያው ናት።

እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። ይቺን መኪና ትናንት ነድታችኋታል። ትናንት ሞተሪኖዋ ይዞር ነበር፣ ፓምፑ ነዳጅ ይገፋ ነበር፣ ኮምፒዩተሯ ጤነኛ ነበር። ከትናንት እስከ ዛሬ የተለወጠ ነገር ካለ የእናንተ እጅ የነካው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈተሸው እሱ ነው። ቤት ውስጥ ቁልፍ የጠፋበት ሰው ጎረቤት ሄዶ አይፈልግም፤ በሄደበት መንገድ ተመልሶ ነው የሚያገኘው። በአጋጣሚ በዚያው ቀን ሌላ ዕቃ አይበላሽም ወይ? ሊበላሽ ይችላል። ወደዚያ የምንሄደው ግን የነካነውን ሁሉ አይተን ከጨረስን በኋላ ነው።

ይሄን የምለው «መኪናችሁን ራሳችሁ አትንኩ» ለማለት አይደለም። እንዲያውም ንኩ። በ2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ መለዋወጫ የት እንደደረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ያለችንን ቪትዝ፣ ያለችንን ኮሮላ ገና ለብዙ ዓመት ልናቆያት ነው። ባለቤቷ ካላወቃት ማን ያውቃታል? እኔ የምፈልገው ስትነኩ በእርጋታ እንድትነኩ፣ እምቢ ስትል ደግሞ ሳትደነግጡ መልሳችሁ እንድትፈልጉ ነው።

በሉ እንጀምር። መጀመሪያ የሚሠራው ጆሮ ነው። ቁልፉን አንድ ጊዜ አዙሩና ስሙ። መኪና «አልነሳም» የምትለው በአንድ ዓይነት መንገድ አይደለም። ምንም ድምፅ ሳታሰማ ዝም ልትል ትችላለች። «ቀጭ» ብላ ወይም «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ብላ ልትቀር ትችላለች። ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ አልይዝ ሊል ይችላል። ወይም ተነስታ ሦስትና አራት ሰከንድ ቆይታ ልትጠፋ ትችላለች። እነዚህ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። መካኒክ ጋ ደውላችሁ «አልነሳ አለች» ብቻ ብትሉት ምንም አልነገራችሁትም። የትኛውን እንደሰማችሁ ንገሩት።

ዝም ካለች ወይም ቀጭ ብላ ከቀረች ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው። ነዳጅና ካንዴላ ጋ አትሂዱ። ሞተሩ ካልዞረ ካንዴላው ጥሩ ሆነ መጥፎ ለውጥ የለውም። በጥሩ ጉልበት እየዞረ ካልያዘ ግን ባትሪውን ተዉት፤ ባትሪው ሥራውን እየሠራ ነው። ያኔ ነዳጅ፣ አየር ወይም እሳት ጎድሏል። ተነስታ ከጠፋች ብዙ ጊዜ ነገሩ አየር ነው፣ ወይም የቁልፉ መቆለፊያ ሲስተም ነው። ይቺን ክፍፍል ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ የዛሬው ጊዜያችሁ አልባከነም።

አሁን ባትሪ ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም ከራስ ሰርቪስ በኋላ የሚመጣው ችግር አብዛኛው እዚህ ነው ያለው። ማንኛውንም ሥራ ስንጀምር ባትሪ እንፈታለን። ስንጨርስ ደክሞናል፣ መሽቷል፣ ባትሪውን ቶሎ ገጥመን እንነሳለን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ሞርሴቶው ላይ፣ ማለትም ሽቦውን ከባትሪው ምሰሶ ጋር የሚያስረው መያዣ ላይ፣ የሚሆነው ቃል በቃል ይሄ ነው።

ሞርሴቶውን በእጃችሁ ያዙና ለማዞር ሞክሩ። በእጅ ከተንቀሳቀሰ አልጠበቀም ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ዳሽቦርዱ ይበራል፣ ሬዲዮው ይጫወታል፣ ስለዚህ ባትሪው ደህና ነው» ብሎ ነው። ሬዲዮ የሚፈልገው ጥቂት አምፔር ነው። ሞተሪኖ ግን ከ100 አምፔር በላይ ይጎትታል። የላላ ሞርሴቶ ለሬዲዮ ይበቃል፣ ለሞተሪኖ አይበቃም። ለዚህ ነው ሁሉ ነገር በርቶ፣ ቁልፉን ስታዞሩ ሁሉም ድርግም የሚለው።

ቀላል ፈተና ላሳያችሁ። የፊት መብራቱን አብሩና አንድ ሰው ከፊት ይቁም። ቁልፉን ስታዞሩ መብራቱ ጭልም ካለ ወይም ከጠፋ ባትሪው ደክሟል፣ ካልሆነም ሞርሴቶው ወይም ሽቦው ላልቷል። መብራቱ ምንም ሳይደክም ሞተሪኖው ዝም ካለ ደግሞ ትእዛዙ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም። ያኔ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ማርሹ ያለበት ቦታ ወይም ሞተሪኖው ላይ የሚሰካው ቀጭን ሽቦ ነው የሚታየው።

ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያላችሁ ደግሞ በቁጥር ማወቅ ትችላላችሁ። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህሉ ሄዷል። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው በሉት። ሞተሪኖው ሲያዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ጉልበት የለውም። አሁን የምነግራችሁን ግን ብዙ ሰው አያደርገውም፣ እኔ ደግሞ በጣም እወዳታለሁ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በዚያው ምሰሶ ላይ በታሰረው ሞርሴቶ ላይ አድርጉ። ሰው ቁልፉን ያዙር። ሁለቱ ስለሚነካኩ ቴስተሩ ዜሮ አካባቢ ማሳየት አለበት። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ መካከላቸው ዝገት ወይም ክፍተት አለ። ዓይን የማያየውን ቴስተር ያየዋል።

ዝገቱን በሞቀ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቡት፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት፣ በደንብ አድርቁት። ቫዝሊን የሚቀባው ጠብቆ ከታሰረ በኋላ ከላይ ነው። መጀመሪያ ቀብቶ ማሰር ንክኪውን ያደክማል።

አዲስ ባትሪ ገዝታችሁ ከሆነ ሌላም የሚታይ አለ። ትንንሾቹ የጃፓን መኪኖች ባትሪ ምሰሶው ቀጭን የሆነም ወፍራም የሆነም አለ። ለወፍራም ምሰሶ የተሠራ ሞርሴቶ ቀጭኑ ላይ እስከ መጨረሻ ቢታሰር እንኳ አይይዝም። ሻጮች ቆርቆሮ ወይም ሚስማር ከጎኑ ይሰኩበታል። አትቀበሉ። ልኩን እዚያው ሱቅ ውስጥ አረጋግጡ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አለ። የባትሪው ቁጥር መጨረሻ ላይ «ኤል» ወይም «አር» የሚል ፊደል ታያላችሁ። ፖዘቲቩ በየትኛው ወገን እንዳለ የሚያሳይ ነው። ተቃራኒውን ከገዛችሁ የድሮው ፖዘቲቭ በነበረበት ቦታ ነጌቲቭ ይመጣል። ሰው ደግሞ ሽቦውን እንደለመደው ቦታ ያስራል።

ባትሪ ገልብጣችሁ ያሰራችሁ ከሆነ ቁልፍ አታዙሩ። ወዲያው ፍቱ። ብዙ ጊዜ ዋናው ፊውዝ ቀድሞ ተቃጥሎ ቀሪውን ያድናል። በብዙ ቶዮታዎች ይሄ ፊውዝ ኮፈኑ ስር ባለው ሳጥን ውስጥ ያለው 100 ወይም 120 አምፔር የተጻፈበት ትልቁ ነው። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ውስጥ ያለው ዳዮድም ሊሄድ ይችላል። ይሄን ለኤሌትሪሺያን ስጡት። ፊውዙን በሽቦ ወይም በሲጋራ ወረቀት አገናኝቶ መሞከር ግን መኪና ያቃጥላል። የምር ያቃጥላል።

አፈታቱንም አንዴ ልበለው። ስትፈቱ ነጌቲቩ ይቀድማል፣ ስትገጥሙ ነጌቲቩ በመጨረሻ ይገባል። ምክንያቱም የመኪናዋ ቦዲ በሙሉ ነጌቲቭ ነው። ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ መፍቻው ቦዲ ከነካ ብልጭታው እጃችሁ ላይ ነው። ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁ። እና ደግሞ ከባትሪ ወደ ቦዲ፣ ከሞተር ወደ ቦዲ የሚሄዱ የነጌቲቭ ሽቦዎች አሉ። ሥራ ስትሠሩ አንዷን ለቦታ ብላችሁ ፈትታችሁ ከነበረ መመለሷን አረጋግጡ። እሷ ካልታሰረች ሞተሩ ሰነፍ ሆኖ ይዞራል ወይም ጭራሽ አይዞርም።

ባትሪ ተፈትቶ ሲገጠም የሚያስደነግጥ ሌላም ነገር አለ። በኋላ የተገጠመ አላርም ያላቸው መኪኖች ባትሪ ሲመለስ ራሳቸውን ይቆልፋሉ። መጮህም ላይጮሁ ይችላሉ፤ ዝም ብለው ሞተሪኖውን ወይም የነዳጅ ፓምፑን ይዘጋሉ። በሪሞቱ ቆልፋችሁ ክፈቱ። አንዳንዱ መኪና ደግሞ የተደበቀ ማጥፊያ በተን አለው። ያገለገለ መኪና የገዛችሁ ሰዎች የቀድሞውን ባለቤት ይሄን ጠይቁት፤ ከመሪው ስር፣ ከወንበሩ ስር ተደብቆ ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ካንዴላ። ሞተሪኖው ቆንጆ አድርጎ ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይይዝም። እናንተ ደግሞ ዛሬ ካንዴላ ቀይራችኋል።

የድሮ መኪና ከሆነች፣ ላዳ ወይም ዲኤክስ ኮሮላ ከሆነች፣ እሳቱን ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ወደ ካንዴላ የሚሄዱ አራት ገመዶች አሏት። እነሱ ተዘበራርቀው እንደሆነ ተመልከቱ። ላዳም ዲኤክስም እሳት የሚሰጡት 1፣ 3፣ 4፣ 2 በሚል ተራ ነው። ሁለት ገመድ ቦታ ከተቀያየሩ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ በካርቡራቶር በኩል ይተፋል፣ «ጧ» ይላል፣ አይነሳም። ስለዚህ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነው የሚነቀሉት። አንዱን ነቅላችሁ፣ ካንዴላውን ቀይራችሁ፣ ገመዱን መልሳችሁ ወደሚቀጥለው። አራቱን በአንዴ መንቀል ካስፈለገ ከመንቀል በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ፎቶ ማንሳት ለማንኛውም ሥራ ይጠቅማል። በጣም ቀላል ነው፣ ግን ብዙ ሰው ከፈታ በኋላ ነው የሚያስታውሰው።

ቪትዝና ከእሷ ወዲህ የመጡት ኮሮላዎች ገመድ የላቸውም። በእያንዳንዱ ካንዴላ ላይ እሳቱን የሚያመነጭ ኮይል ይቀመጣል፣ በአንድ 10 ቁጥር ቡሎን ይታሰራል፣ ሶኬት ይሰካበታል። እዚህ የሚበላሸው ሶኬቱ ነው። ሶኬቱ ሲገባ «ቀጭ» የሚል ድምፅ መስጠት አለበት። ያረጀ ፕላስቲክ መያዣው ስለሚሰበር የገባ መስሎ ይቀመጣል። አንዱ ብቻ ካልገባ መኪናዋ እየተንቀጠቀጠችም ቢሆን ትነሳለች። ጭራሽ ካልያዘች አራቱም ኮይሎች አንድ ላይ ያጡት ነገር አለ ማለት ነው፤ ወደ ፊውዝ ሂዱ። ወይም በሥራ ላይ ሳላችሁ ክርናችሁ ያላቀቀው ሌላ ሶኬት አለ። የክራንክ ሴንሰር ሶኬት ከተነቀለ ኮምፒዩተሯ ሞተሩ እየዞረ መሆኑን አታውቅም፤ እሳትም ነዳጅም አትሰጥም። በእጃችሁ ዙሪያ የነበረውን ሶኬት ሁሉ አንድ በአንድ ገፋ ገፋ አድርጉት።

የካንዴላውም ጥራት ነገር አለ። ገበያው ላይ ታዋቂ ስም ተጽፎበት የሚሸጥ ሐሰተኛ ካንዴላ አለ። ዋጋው ከሌላው በጣም ከወረደ ተጠራጠሩ። አዲሱ አልሠራ ካለ አሮጌዎቹን መልሳችሁ ግጠሙና ሞክሩ። በአሮጌው ከተነሳች መልሱን አገኛችሁ። ለዚህ ነው የፈታችሁትን አሮጌ ዕቃ መኪናዋ እስክትነሳ ድረስ መጣል የሌለባችሁ።

ቁልፍ ደጋግሞ ማዞር የሚያመጣው ጣጣም አለ። ቤንዚን ሞተሩ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ካንዴላው ይርሳል፣ የቤንዚን ሽታ ይመጣል። ያኔ ችግሩ ቢስተካከል እንኳ አትነሳም። ዘመናዊ ኢንጀክሽን ያላት መኪና ከሆነች የነዳጅ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጣችሁ ይዛችሁ አዙሩ። ኮምፒዩተሯ ይሄንን አይታ ነዳጅ ትቆርጣለች፣ አየሩ ያደርቀዋል። ከ10 ሰከንድ በላይ ግን በአንዴ አታዙሩ። ሞተሪኖው ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይረፍ። ሞተሪኖ በፍጥነት ነው የሚግለው።

ሞተር ያሳጠባችሁ ሰዎችም እዚሁ ናችሁ። እጥበትና ግራሶ አድርጋችሁ ስትመለሱ ሞተሩ አልያዘም ካለ፣ ወይም ከያዘ በኋላ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ውኃ የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል። በድሮዎቹ ደግሞ የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ውስጥ። ኮይሎቹን አውጡ፣ በንጹሕ ጨርቅና በአየር አድርቁ። ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር አያስፈልግም።

የአየር ፊልትሮ የቀየራችሁ ከሆነ መኪናዋ ተነስታ ልትጠፋባችሁ ትችላለች። ከፊልትሮው ቤት በኋላ ያለው ጎማ ቱቦ በደንብ ካልታሰረ ያልተለካ አየር ይገባል። የአየሩን መጠን የሚለካው ሴንሰር እዚያው አጠገብ ነው፤ ሶኬቱ ብዙ ጊዜ ተነቅሎ ይረሳል። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፤ ለመጥረጊያ ያስገባችሁትን ጨርቅ ቁጠሩ። ቱቦው ውስጥ የቀረ ጨርቅ ሞተሩን ያፍነዋል፤ ከዚያም ተስቦ ሊገባ ይችላል።

ትሮትል ቦዲ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍተውንና የሚዘጋውን በር፣ ያጸዳችሁ ሰዎች አትደንግጡ። በተለይ ባትሪም ተፈትቶ ከነበረ ኮምፒዩተሯ የለመደችውን የአየር መጠን ረስታለች። ስትነሳ ነዳጅ በትንሹ ረገጥ አድርጋችሁ ያዙላት፣ ትሙቅ፣ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ራሷ ትማራለች።

ዘይት ብቻ የቀየረ ሰው መኪናው አልነሳም ካለ ዘይቱን አይጠርጥር። ከታች ሲሠራ የነካውን ሽቦ ይፈልግ።

አሁን ደግሞ ማንም የማይጠረጥረውን ልንገራችሁ። ቁልፉን። የቁልፉ ፕላስቲክ ተሰብሮ አዲስ ቤት ገዝታችሁ አዛወራችሁት እንበል። በብዙ የድሮ ቁልፎች ውስጥ ቁልፉን ለመኪናዋ የምታሳውቅ በጣም ትንሽ ቺፕ አለች። ከሰርኪዩቱ ተለይታ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ሰው ሰርኪዩቱን አዛውሮ ቺፗን ከአሮጌው ቤት ጋር ይጥላታል። በሩ በሪሞት ይከፈታል፣ ሞተሪኖው ሊያዞርም ይችላል፣ ሞተሩ ግን አይይዝም ወይም ይዞ ይጠፋል። ዳሽቦርዱ ላይ የመቆለፊያ ምልክት ያለባትን ቀይ መብራት እዩ። ቁልፉን ከፍታችሁ እሷ ብልጭ ድርግም ማለቷን ከቀጠለች መኪናዋ ቁልፉን አላወቀችውም። ሁለተኛ ቁልፍ ካላችሁ በእሱ ሞክሩ። የጣላችሁትንም ቤት ከቆሻሻው ፈልጉ።

ፑሽ ስታርት የሆኑት ፍሬን ሳይረገጥ አይነሱም። መኪናዋ ፍሬን መረገጡን የምታውቀው የፍሬን መብራቱን በሚያበራው ስዊች ነው። የኋላ አምፖል ስትቀይሩ የፍሬን መብራት ፊውዝ ካቃጠላችሁ በተኑን ብትጫኑ አትሰማችሁም። ሰው ሂዶ ሂዶ ሞተሪኖ ያስፈታል፣ ነገሩ ግን አንዲት ፊውዝ ናት። አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ፍሬን መብራት መብራቱን ይይላችሁ። በብዙ ቶዮታዎች መውጫም አለ። መኪናዋን ፒ ላይ አድርጋችሁ፣ በተኑን አንዴ ጫኑ፣ ከዚያ ፍሬን ረግጣችሁ በተኑን 15 ሰከንድ ያህል ያዙት። ይሄ ቤት ለመድረስ ነው። ፍሬን መብራት ሳይኖር አስፋልት ላይ መንዳት ከኋላችሁ ለሚመጣው ሰው አደጋ ነው።

ናፍጣ መኪና ያላችሁ እስካሁን ታግሳችሁኛል። የእናንተ ነገር አየር ነው። የነዳጅ ፊልትሮ ስትቀይሩ ባዶው ፊልትሮ ውስጥ ያለው አየር ወደ መስመሩ ይገባል። ቤንዚን መኪና ይሄንን በራሷ ታወጣዋለች። ናፍጣ ግን አየሩ ሲገፋ ራሱ ይጨመቃል እንጂ ነዳጁ ወደ ኢንጀክተሩ በሚያስፈልገው ጉልበት አይሄድም። ሞተሪኖው እያዞረ፣ እያዞረ፣ ጭስ እንኳ ከማርሚታው አይወጣም። ጭስ አለመውጣቱ ነዳጅ እንዳልደረሰ ይነግራችኋል።

በብዙ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር ፊልትሮው ራስ ላይ በእጅ የሚጫን ፓምፕ አለ። መጀመሪያ ሲጫን ልል ነው። እስኪጠነክርባችሁ ጫኑት። ብዙ መጫን ይፈልጋል፤ አውራ ጣት ይደክማል፤ አትተዉት። ልል ሆኖ ከቀረ ከዚያ በፊት አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የፊልትሮው ጎማ ቀለበት ተጣሞ ነው፣ ወይም አሮጌው ቀለበት እዚያው ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ገብቷል። ሁለት ቀለበት ተደርቦ በፍጹም አይዘጋም። ሌላው ደግሞ የፊልትሮው ታች ያለችው የውኃ ማውጫ አለመጥበቋ ነው።

በድሮዎቹ ዶልፊን ሚኒባሶችና ሃይሉክሶች መካኒኮች ከኢንጀክተሩ ላይ ዳዶውን ላላ አድርገው አየር ያስወጣሉ። በእነሱ ይሆናል። ነገር ግን አዲሶቹ፣ ዲ ፎር ዲ የሚባሉት፣ ሌላ ናቸው። መስመራቸው ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ይሄዳል። ከእንደዚህ መስመር የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ሰንጥቆ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ይመስላል፣ ግን እጅ ሊያስቆርጥ ይችላል። እነሱን መስመር አትፍቱ። ልጆቻችሁም፣ ረዳቶቻችሁም እንዳይፈቱ ንገሯቸው።

የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ ሰዎች እያያችሁኝ ነው። እናንተም ከባትሪ አላመለጣችሁም። ከትልቁ ባትሪ ሌላ ተራ 12 ቮልት ባትሪ አላችሁ። እሱ ከደከመ ወይም ሞርሴቶው ከላላ፣ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናዋ አትነቃም። እሱን እንደማንኛውም መኪና ፈትሹት። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ገመዶች ግን አትንኩ። እነሱ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚሄድባቸው ናቸው።

የምታቆሙበትን ቦታም ማወቅ አለባችሁ። የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያስማማውን የታይሚንግ ቺንጋ ቀይራችሁ ሞተሩ አሁን ሲዞር ድምፁ ከወትሮው የተለየ ከሆነ፣ በጣም ቀልሎ ከዞረ ወይም የብረት ንክኪ ከሰማችሁ፣ ደግማችሁ አታዙሩ። የቺንጋው ምልክት አንድ ጥርስ ቢዛነፍ ሞተሩ አይነሳም ወይም ይደክማል። ብዙ ጥርስ ከተዛነፈ በአንዳንድ ሞተሮች ቫልቭ ከፒስተን ጋር ይጋጫል። አንድ ተጨማሪ ሙከራ ጭንቅላቱን ሊያስፈታ ይችላል። የነዳጅ መስመር ነክታችሁ ቤንዚን ሲንጠባጠብ ካያችሁም ቁልፍ አይነካም። ባትሪው ይፈታ፣ ሲጋራ አይኑር፣ መኪናዋ ባለችበት ትሁን።

መካኒክ ስትጠሩ ደግሞ የነካችሁትን ሁሉ ንገሩት። ብዙ ሰው አፍሮ «እንዲሁ ቆመች» ይላል። መካኒኩም ከዜሮ ይጀምራል። ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ፍለጋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቅ ነበር። «ጠዋት ካንዴላ ቀየርኩ፣ የአየር ቱቦውን ፈትቼ ነበር» በሉት። ጥሩ መካኒክ በዚህ አይስቅባችሁም፤ ያመሰግናችኋል።

ጥያቄ ወደ ማስተናገዱ እንለፍ።

አንዲት እህት «ገፍቶ ማስነሳትስ?» ብላ ጠይቃለች። ማንዋል ማርሽ ከሆነችና ችግሩ የባትሪ ድካም መሆኑን ካረጋገጣችሁ ይሠራል። ሁለተኛ ማርሽ አስገብታችሁ፣ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ፣ ስትሮጥ መልቀቅ ነው። አውቶማቲክ በግፊ አትነሳም፤ አታድክሙ ሰው። ችግሩ እሳት ማጣት ከሆነ ደግሞ ማንዋሏንም አትግፉ። ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ማርሚታው ሄዶ እዚያ ያለውን፣ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ያበላሻል።

ከኋላ የተቀመጡት ጋሼ «ከሌላ መኪና በገመድ ስናስነሳ ቅደም ተከተሉ እንዴት ነው?» ብለዋል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ጋሼ። ቀዩ ገመድ መጀመሪያ የደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ፣ ቀጥሎ የጤነኛው ፖዘቲቭ ላይ። ጥቁሩ መጀመሪያ የጤነኛው ነጌቲቭ ላይ። የጥቁሩ ሌላ ጫፍ ግን የደከመው ባትሪ ላይ አይታሰርም። ከባትሪው ራቅ ያለ፣ ቀለም የሌለው የሞተር ብረት ላይ ነው የሚታሰረው። የመጨረሻው ንክኪ ብልጭታ ይሰጣል፣ ባትሪ ደግሞ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ብልጭታውን ከጋዙ አርቁት። ጤነኛዋን መኪና አስነስታችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ከዚያ የደከመችውን አስነሱ። ስትፈቱ በገባበት ተቃራኒ ነው፤ መጀመሪያ ያ ሞተር ብረት ላይ ያለው ጥቁር ይነሳል። ከተነሳች በኋላ ቴስተር ባትሪው ላይ አድርጉ። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው። 12 ላይ ከቀረ ዲናሞው አይሞላም፤ ያኔ ሞተሩን ሳታጠፉ በቀጥታ ኤሌትሪሺያን ጋ ሂዱ።